ትልቁ ባለ ጥቁር ሽፋን መዝገብ፦ የሚረሳ አባት ላለበት ቤት ይሆናል?

የምገመግመው ዕቃ መዝገብ ነው። ትልቁ፣ የቢሮው ዓይነት፦ ሽፋኑ ደረቅ ጥቁር፣ ጀርባው ላይ ቀይ ጨርቅ የተለጠፈበት፣ ገጾቹ ከ1 ጀምሮ ቁጥር ያላቸው፣ ድሮ ቀበሌ ወይም መጋዘን ጠረጴዛ ላይ የምታውቁት። መርካቶም ሆነ አራት ኪሎ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጡ ሱቆች ጋ አይጠፋም። ዋጋውን አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ውሸት ይሆናል። ከተማሪ ደብተር ይወደዳል፣ ከስልክ ግን በብዙ ይረክሳል፣ እሱ ይበቃል።

የገዛሁት አባቴን ስለማስታምም ነው። ዲሜንሺያ (የመርሳት በሽታ) አለበት። ጎረቤቱ «እርጅና ነው፣ ጃጅቶ ነው» ይላል፣ አክስቴ ጸበል ውሰዱት አለች (ወሰድነው፣ ደስ ብሎት ነው የተመለሰው፣ መድኃኒቱንም አላቋረጥንም)፣ ሐኪሙ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ «የምታዩትን እየጻፋችሁ አምጡልኝ» አለን። በምን እንደሚጻፍ፣ ምን ምን እንደሚጻፍ አልነገረንም። ከኋላችን ያለው ወረፋ ረጅም ነበር። ይሄ ግምገማ እንግዲህ እሱ ያልነገረን ክፍል ነው።

መጀመሪያ የሞከርነው ስልክ ነው። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ «አፕ አለ» ብሎ አንድ ላከልኝ። ሁሉ ነገሩ በእንግሊዝኛ ነው፣ «የዛሬ ስሜቱ» ብሎ አምስት ቢጫ ፊት ይደረድርና አንዱን ምረጪ ይላል። አባቴ ከአምስቱ አንዱንም ሆኖ አያውቅም። አጠፋሁት። ቀጥሎ በድምፅ መጻፍ ሞከርኩ። ጎግል አማርኛን በድምፅ መቀበል የጀመረው በፈረንጆቹ 2017 ነው፣ አሁን ከጠበቅኩት በላይ ይሠራል፣ «ሽንት» ስል አንዳንዴ ሌላ ነገር ቢጽፍብኝም። የስልክ ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ስልኬ ከኔ ጋር ሥራ ይውላል፣ አባቴ ደግሞ ቤት ይውላል። ቀኑን ሙሉ የምታየው ረዳታችን ናት፣ የሷ ስልክ ደግሞ ትንሿ ባለ ቁልፏ ናት። የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕም ከፍተን ነበር፦ «አባዬ ዛሬ ምሳ አልበላም» የሚለው ከበዓል ፖስተርና ከአክስቴ ልጅ የሽምግልና ፎቶ መሃል ገብቶ ጠፋ። በዚያ ላይ አባቴ ፊት ስልክ ይዤ ስጽፍ «ለማን ነው የምታወሪው?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ስለሱ እያወራሁ ነው።

ቀጥሎ የተማሪ ደብተር፣ ባለ 50 ሉክ። ርካሽ ነው፣ ይታጠፋል፣ ቀላል ነው። ጉዳቱም እሱው ነው፣ ምክንያቱም አባቴ ዕቃ ይደብቃል። አንዴ ኮቱ ኪስ ውስጥ፣ አንዴ ፍራሽ ስር፣ አንዴ ደግሞ ወጥ ቤት ከምጣዱ ኋላ አገኘነው። አንድ ሉክ ሲነቀል ደግሞ በሌላ በኩል ያለው ግማሹም አብሮ ይሄዳል፣ ስንት ቀን እንደጠፋም አይታወቅም።

መዝገቡ ይህን ሁሉ ይፈታል። አይታጠፍም። ኪስ አይገባም። ፍራሽ ስር ቢገባ ይቆረቁራል። ቅጠሎቹ የተሰፉ ስለሆኑ በቀላሉ አይነቀሉም፣ ቢነቀሉም ከ46 ቀጥሎ 49 ሲመጣ ወዲያው ያስታውቃል።

እና ያላሰብኩት ነገር መጣ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው የሠራው። ገቢ በሞዴል 19፣ ወጪ በሞዴል 22፣ ፊርማ የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም። መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ተነስቶ መጣ፣ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ቁጥሩን አየ፣ ተመልሶ የመጀመሪያውን አየ፣ ከዚያ «ስንት ቅጠል እንደሆነ ፊቱ ላይ ተጽፎ መፈረም አለበት» አለ። ይሄን የሚለው የገዛ ልጁን በስሟ መጥራት ያቃተው ሰው ነው። ጻፍን። ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ «መዝገቡ ይዘጋ» ይልና ከዕለቱ የመጨረሻ መስመር ስር ይፈርማል። ሐኪሙ ቀጠሮ ላይ መዝገቡን ሲያገላብጥ ከጽሑፉ ሁሉ ይበልጥ የቆየው ፊርማዎቹ ላይ ነበር፣ ከወር ወር እንዴት እየተለወጡ እንደመጡ። ስለዚህ ንብረት ክፍል ለሠራ አባት ይሄ ዕቃ 5 ከ5 ነው። ያንተ አባት ሾፌር ወይም ገበሬ ከነበረ ይሄኛውን ነጥብ አትጠብቅ።

አሁን ወደ አሰማመሩ። ዓምዶቹን በማስመሪያ ራሴ ነኝ ያወጣሁት፦ ሰዓት፣ ምን ሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረግን። ከሁሉ ዋናው «ከዚያ በፊት ምን ነበር» የሚለው ነው። «ተቆጣ» ብሎ ብቻ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። «11 ሰዓት ተኩል ላይ ተቆጣ፣ ጃኬቱን ለብሶ በር ላይ ቆመ፤ ከዚያ በፊት ቴሌቪዥኑ ይጮህ ነበር፣ ቤቱ ጨለም ብሎ ነበር፣ ከምሳ ወዲህ ሽንት ቤት አልሄደም፤ መብራት አብርተን ሽንት ቤት ወሰድነው፣ ተቀመጠ» ሲባል ግን አንድ ነገር ይያዛል።

የተወሰኑ ገጾች ከሞሉ በኋላ አንድ ቀን የሰዓቱን ዓምድ ብቻ ከላይ ወደ ታች አነበብኩት። 11፣ 11 ተኩል፣ 12፣ 11 ተኩል። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይረበሻሉ፣ ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል፣ ድካሙም፣ ጥላውም፣ የሰውነት ሰዓት መዛባቱም ይጨምርበታል። እኛ ግን በየማታው እንደ አዲስ ነበር የምንደነግጠው። የአባቴ ደግሞ የራሱ መልክ አለው፦ ቀኑ ሲጨልም «ነገ ቆጠራ ነው፣ መጋዘኑ አልተቆለፈም» ይላል። ሰኔ ላይ ባሰበት። ምክንያቱንም መዝገቡ ላይ ነው ያገኘነው፣ ሬዲዮው ስለ በጀት መዝጊያ ባወራ ቁጥር ነበር የሚነሳው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ንብረት ይቆጠራል፣ እሱ ያን ሰሞን ስንት ዓመት እንቅልፍ አጥቶ ኖሯል። አሁን 10 ሰዓት ላይ መጋረጃ ይዘጋል፣ መብራት ይበራል፣ ሬዲዮ ይጠፋል፣ የቁልፍ ማሰሪያ እጁ ላይ ይሰጠዋል። ቁልፎቹ ምንም አይከፍቱም። ኪሱ ይከትታቸውና ቁጭ ይላል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ።

ዋጋውን የመለሰልኝ ቀን ግን ሌላ ነው። ሌላውን ብትዘሉትም ይሄን አንብቡት። ዲሜንሺያ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ሰውየው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ጭራሽ ሌላ ሰው ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ከእንቅልፍ አልነቃ ካለ ወይም የሌለ ሰው ማየት ከጀመረ፣ «በሽታው ገፍቶ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ የሳንባ ምች፣ የውሃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። አረጋዊ ሰው ደግሞ ኢንፌክሽን ይዞት ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። አባቴ ሰኞ ምሳውን በልቶ ለረዳታችን ወሬ ሲያወራላት እንደዋለ ተጽፏል፣ ረቡዕ ማንኪያ መያዝ አቃተው። ዘመዱ ሁሉ «በቃ እንግዲህ» ማለት ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ ሁለቱን ገጾች አይቶ ሽንት አስመረመረው፣ ኢንፌክሽን ተገኘ፣ አንቲባዮቲክ ወሰደ፣ ተመለሰ። ወደ ድሮው አባቴ አይደለም የተመለሰው። ወደ ሰኞው ነው። ያም ብዙ ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ጉንፋን ይዞት ክሎርፌኒራሚን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት ወሰደ፣ እና ሌሊቱን ግድግዳ ሲዳብስ አደረ። የድሮዎቹ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶች የሚረሳ ሰውን ይበልጥ ያደናግራሉ፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የፊኛ መድኃኒቶችም እንደዚያው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም መድኃኒት፣ ከሱቅ የመጣ ሻይ ቅጠል ሳይቀር፣ በቀይ እስክሪፕቶ ይገባል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር፣ በተለይ ከውጭ መድኃኒት ለሚላክላችሁ። ብልቃጡ ላይ 8 ኤኤም ይላል። 8 ኤኤም የኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ረዳታችን የምታነበው 8ን ነው፣ 8 ሰዓት ደግሞ ለሷ ከምሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ በትልቁ «እዚህ ያለው ሰዓት ሁሉ የኛ ሰዓት ነው» ብለን ጽፈናል፣ ብልቃጦቹ ላይም ወረቀት ለጥፈናል። ቀኑን ግን በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ ወንድሜ የገጾቹን ፎቶ እዚያ ለሚያውቀው ሐኪም ስለሚያሳይ። (ውጭ ወላጅ ያላችሁ ይሄንንም ያዙ፦ ከ1975 ጀምሮ የሚሠራበት ከ30 የሚታረም የማስታወስ ምርመራ አለ፣ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ይጠይቃል። እናታችሁ በኛ አቆጣጠር በትክክል መልሳ ሦስት ነጥብ እንዳይቆረጥባት ቀድማችሁ ንገሯቸው።)

ቀን መጻፉ ለሌላም ይጠቅማል። ዲሜንሺያ አንድ በሽታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ60 እስከ 70 በመቶው አልዛይመር ሊሆን ይችላል ይላል። ከደም ሥር ጉዳት የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለወራት ባለበት ይቆይና ድንገት ዝቅ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ይቆማል። ሌዊ ቦዲ የሚባለው ከቀን ቀን ይለዋወጣል፣ የሌለ ሰው ወይም እንስሳ ያሳያል፣ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ ማረጋጊያዎች ደግሞ ክፉኛ ሊጎዱት ይችላሉ። ሐኪሙ ይህን ለመለየት «ቀስ በቀስ ነው ወይስ ድንገት?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ከጭንቅላቱ ሲመልስ «እኔንጃ፣ ከፋሲካ ወዲህ መሰለኝ» ነው የሚለው። መዝገብ ያለው ገጽ ይገልጣል። ብቻ ሙሉውን መዝገብ ሐኪም ፊት ዘርግታችሁ ያንብብ አትበሉ፣ ጊዜ የለውም። ከቀጠሮው በፊት ባለው ማታ አንድ ገጽ ላይ ምን እንደተለወጠ፣ ምን እየወሰደ እንደሆነና ምን መጠየቅ እንደምትፈልጉ ጻፉ፣ የቀረው ሲጠየቅ ይገለጣል።

ስለ ረዳታችን ሳልጽፍ ብቀር ግፍ ነው። ትምህርቷን ከ4ኛ ክፍል ነው ያቆመችው፣ መጻፍ ያደክማታል። ስለዚህ ምልክት ፈጠረች፦ ሙሉ ክብ ሁሉንም በላ፣ ግማሽ ክብ ግማሹን፣ ጭረት እንቅልፍ፣ ኤክስ ጭቅጭቅ። የኛ መዝገብ ደግሞ የሒሳብ ስለሆነ በየገጹ ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ የሚል የታተመ ዓምድ አለው። እኔ ልሰርዘው ነበር። እሷ ገቢ የሚለው ላይ የጠጣውን ብርጭቆ፣ ወጪ የሚለው ላይ ሽንቱን መመዝገብ ጀመረች፣ ማንም ሳይነግራት። ሆስፒታል ውስጥ ነርሶች የሚሠሩት ይህንኑ ነው። አባቴም አይቶ «ይሄ ሥራ ነው» አላት። የኔ ገጾች «ዛሬ ትንሽ የከፋው ይመስላል» በሚል ወሬ የተሞሉ ናቸው፣ ሐኪሙ የሚያነበው የሷን ነው።

መዝገቡ ከወንድሜ ጋርም አስታርቆኛል። አባቴ ስልክ ላይ ጎበዝ ነው። ለአምስት ደቂቃ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ብርዱ እንዴት ነው» ይላል፣ ድምፁ የድሮው ነው፣ ስልኩ ሲዘጋ «ማነው ሰውየው?» ይለኛል። ወንድሜ ያንን አምስት ደቂቃ ይዞ «ደህና ነው እኮ፣ አንቺ ታጋኛለሽ» ሲለኝ ስንት ጊዜ ስልክ ዘግቼበታለሁ። አሁን እሁድ እሁድ የሳምንቱን ገጾች ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ። ከአባዬ ፊርማ ጋር። ሦስተኛው ጊዜ ላይ «ሌሊት የሚያድር ሰው እንቅጠር፣ ግማሹን እኔ እችላለሁ» ብሎ ደወለ። ስንጨቃጨቅበት የነበረው ነገር ነው።

አሁን ወደማይመቸው ነገር። ስለ አባቴ እንድጽፍ ማን ፈቀደልኝ? እሱ ይፈርማል፣ ግን አያነብም። ሱሪው ስንት ጊዜ እንደተቀየረ የሚናገር መዝገብ ቡና የሚጠጣ እንግዳ ፊት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ መዋል የለበትም፣ የኛ ቡፌ ውስጥ ይቆለፋል። ለወንድሜ የሚሄደው የገጽ ፎቶ ነው፣ የአባቴ ቪዲዮ አይደለም። ቲክቶክ ላይ እናታቸውን «ስሜ ማነው?» እያሉ የሚቀርጹ ልጆች አያለሁ፣ ሰዉ ይስቃል፣ ልብ ይልካል። እሷ ጤነኛ ብትሆን ኖሮ ያንን ካሜራ ከእጃቸው ቀምታ ትወረውረው ነበር። እኔ እዚህ ስሙንም ሰፈሩንም ያልጻፍኩት ለዚያ ነው።

ሌላው ጽሑፍ፣ የኔ የራሴ፣ ከጀርባ ነው ያለው። ተማሪ እያለን ደብተር ገልብጠን ከኋላ እንደምንጽፈው። እዚያ ዓምድ የለም፣ ፊርማም የለም። «ዛሬ ጠላሁት» የሚል ገጽ አለ። በጣም የሚያስቅ ነገር የተናገረባቸው ቀኖች አሉ። አሰብ ወደብ ዕቃ ለመረከብ ሄደው መኪናው በረሃ ላይ የተበላሸባቸው ታሪክ አለ፣ በነገረኝ ቁጥር መጨረሻው ይለያያል፣ አንዱን ከአንዱ ሳላስተካክል ሁሉንም ጽፌያለሁ። በ1986 ጄምስ ፔኔቤከር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተማሪዎችን ለ4 ተከታታይ ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ በሕይወታቸው የከበዳቸውን ነገር እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። ስለ ክስተቱም ስለ ስሜታቸውም የጻፉት ሲጽፉ ተረብሸው ወጡ፣ በቀጣዮቹ ወራት ግን ተራ ነገር ከጻፉት ያነሰ ነው ክሊኒክ የሄዱት። እኔ ላይ የመጀመሪያው ክፍል በትክክል ይሠራል፣ ጽፌ ስጨርስ ተረብሼ ነው የምነሳው። ሆኖም ከጻፍኩ በኋላ ወደ አባቴ ክፍል ስገባ ድምፄ ይለሰልሳል፣ እሱ ድምፅ ያውቃል፣ ስም ባያውቅም።

የዕቃው ጉድለት። ከባድ ነው፣ ሐኪም ቤት ይዞ መሄድ ትከሻ ይፈልጋል። ወረቀቱ ስስ ነው፣ ፈሳሽ ቀለም ያለው እስክሪፕቶ ወደ ኋላ ይወጣል፣ ተራ ቢክ ይሻላል። ኪስ የለውም፤ የላብራቶሪ ውጤትና የመድኃኒት ማዘዣ የሚገባበት ፖስታ ከሽፋኑ ውስጥ በፕላስተር ለጥፈናል። አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ውሃ ቢፈስበት አለቀ፣ ለዚህም የእሁዱ ፎቶ ይጠቅማል። መስመሮቹ ጠባብ ናቸው፣ ዓይኑ ለደከመ ሰው አይመችም። በጠቅላላው ግን እኔ ከ5 አራት እሰጠዋለሁ።

ብቻችሁን የምታስታምሙና ከእጃችሁ ስልክ የማይለይ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው የሚይዘው ከሆነ፣ በተለይ አንዱ በሩቅ ሆኖ «ደህና ነው እኮ» የሚል ካለ፣ ግዙት። ስትገዙ መሃሉን ገልጣችሁ ስፌቱን እዩ፣ በሙጫ ብቻ የተያያዘው ቶሎ ይበተናል። ሻጩ የሒሳቡን ወይስ ባዶውን ብሎ ከጠየቃችሁ፣ እንደኛ የሚጠጣውንና ሽንቱን የምትመዘግቡ ከሆነ የሒሳቡን ውሰዱ። ገጹ ቁጥር ከሌለው ደግሞ ቤት ሳትደርሱ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ራሳችሁ ጻፉበት፣ ቤት ከገባችሁ በኋላ ጊዜ አታገኙም።